የአስማተኛው ኩፖን

ጥቂት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ሰው ሕይወት ተረክበው፣ ያ ሰው የሚያደርገውን በቃል እየተናገሩ፣ መሳካት አለመሳካቱን ደግሞ ዳይስ እያንከባለሉ የሚወስኑበት ጨዋታ «የሚና ጨዋታ» ይባላል። የዓይነቱ በኩር የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በአሜሪካውያኑ በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የጨዋታውን ወዳጆች የአስማተኛውን ጉዳይ ያህል ያጨቃጨቃቸው ነገር ቢኖር ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተጫዋቾቹ ምናባዊ ሰዎች ጀብዱ በፈጸሙ ቁጥር «ደረጃ» በሚባል መሰላል ከ1 እስከ 20 ይወጣሉ። ሰይፍና ጋሻ የያዘው ተዋጊ የሚወጣው እንደ መንግሥት ሠራተኛ እርከን ነው፤ ሲጀምር በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ይሰነዝራል፣ ዕድሜውን ጨርሶ 20ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ በአንድ ተራ አራት ጊዜ ይሰነዝራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጡረታ ነው። አስማተኛው ግን ሲጀምር ድመት የቧጨረችው እንደሆነ የሚያጣጥር ምስኪን ሆኖ፣ 5ኛው ደረጃ ላይ አንድ አዳራሽ ሙሉ የሚያነድ የእሳት ኳስ ይወረውራል፣ 17ኛው ላይ ደግሞ ከሰማይ ተወርዋሪ ኮከብ ጠርቶ ሠራዊት ያወድማል፤ ይህም ዕድገት በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ሱቅ ከፍቶ በሦስተኛ ዓመቱ ፎቅ ከሠራው ዘመድ ጋር የሚነጻጸር እንጂ ከእርከን ጋር የሚገናኝ አይደለም። በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ታሪኩን የሚተርከው፣ ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሰውና ዳኝነቱን የሚሰጠው ሰው በአማርኛ «አጫዋች» ቢባል ያምርበታል። በቀድሞ ዘመን አጫዋች የሚባለው መኳንንቱን የሚያስቅ ሰው ነበር፤ የዚህኛው ዕጣ ግን ሦስት ሳምንት የደከመበትን ዘንዶ አስማተኛው በአንድ ቃል ሲያተንነው አብሮ ለመሳቅ መሞከር ነው።

ይህ ጭቅጭቅ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው የዘመኑ ታላቅ ኃይል ዋጋ ስለተጠየቀበት ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ባቡር ደግሞ ለዚያ ዘመን ሰው የዘጠነኛ ደረጃ፣ ማለትም የመጨረሻው ከፍተኛ፣ ድግምት ነው፤ በቅሎ ሳይቀድመው፣ ግመል ሳይደርስበት፣ በረሃውን እያፏጨ ያቋርጣል። ሆኖም ይህ ሁሉን ቻይ የመሰለ ፍጡር ውኃ ይጠማዋል፣ ማገዶ ይበላል፣ ዳገት ደግሞ ፈጽሞ አይወድም፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐረር ወደ 1900 ሜትር ተጠግታ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፣ ያንን ተራራ በሐዲድ ለመውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ በባቡር ኩባንያው ኪስ አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ደርሶ ቆመ፣ የቆመበትም ቦታ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ። ባቡሩ ወጪና ዳገት የማያውቀው ቢሆን ኖሮ ቀጥ ቀጥ ያሉት የከዚራ ጎዳናዎችም፣ በአሸዋማው ወንዝ ማዶ ያለው መጋላም፣ ቀፊራም አይኖሩም ነበር፤ ገደብ የለሽ ድግምት አንድ ከተማ ሙሉ ያስቀር እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የጨዋታው ደራሲዎች በአስማተኛው አፍ ላይ ያስገቡት የመጀመሪያው ልጓም ቁጥር ነው። ሐሳቡን ያገኙት ጃክ ቫንስ ከተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ የአንድ አስማተኛ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ድግምት ብቻ ነው፣ ድግምቱም ከአፍ በወጣበት ቅጽበት ከአእምሮ ይጠፋል። በጨዋታው ይህ ወደ ዕለታዊ ድርሻ ተለወጠ፤ አንድ የ17ኛ ደረጃ አስማተኛ በቀን ብዙ ትንንሽ ድግምት ቢኖረውም የዘጠነኛው ደረጃ ድግምት የሚፈቀድለት አንድ ብቻ ነው፣ ያንን ከተጠቀመ ስምንት ሰዓት አርፎ እስኪነሣ ድረስ ሌላ አያገኝም። የቀበሌ ሸማቾች ሱቅ ደጃፍ የስኳርና የዘይት ኩፖን ይዞ የተሰለፈ ሰው ይህን ደንብ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ የአስማተኛው ሱቅ ዘይቱ አልገባም ብሎ የማይመልስ መሆኑ ነው።

ነገር ግን ኩፖን ያለበት ሁሉ ብልጠት አለበት። አስማተኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው ጠላት ጋር እንደተገናኘ ያለውን ሁሉ አከታትሎ ያወርድና ጎኑን ለማሳረፍ ምንጣፍ ይጠይቃል። በድሬዳዋ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ጋደም ያለን ሰው የሚወቅስ የለም፣ ፀሐዩ ራሱ ምስክር ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለሚተኛ ጎልማሳ ግን ምን ዓይነት ሰበብ እንደሚገኝለት አይታወቅም። በዚህ መካከል ተዋጊው ሰይፉን ተደግፎ ሲጠብቅ ይውላል፤ የእሱ ሰይፍ ኩፖን የለውም፣ አይደክምም፣ ነገር ግን ባልደረባው ሥራውን ሁሉ ጨርሶ ስለተኛ የሚቆርጠው ነገር አልተረፈለትም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም መመሪያ አንድ የጀብዱ ቡድን በቀን ከ6 እስከ 8 የሚደርስ ግጥሚያ እንዲቋቋም አድርጎ ያሰላው፤ ቀኑ ከረዘመ ኩፖኑ ይቆጠባል የሚል ሂሳብ ነው። ሂሳቡ ልክ ቢሆንም፣ ከሥራ ወጥተው ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ለመጫወት የተሰበሰቡ ሰዎች ስምንት ግጥሚያ ለመጨረስ አንድ ወር ያህል ስለሚፈጅባቸው በተግባር የሚፈጽመው አጫዋች ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ልጓም ዋጋ ነው፤ ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ሙታንን በማስነሣት ላይ ነው። አንደኛው ድግምት የ500 ወርቅ አልማዝ የሚበላ ሲሆን የሚሠራው ሟቹ ከ10 ቀን በላይ ካልቆየ ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ ከሞተ እስከ 200 ዓመት ድረስ የቆየን ሰው ሲያስነሣ 25,000 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ይጠይቃል። በአሜሪካ ይህ የሂሳብ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። እድር ባለበት አገር ግን አጫዋቹ ያልተዘጋጀባቸው ጥያቄዎች ይነሣሉ። የ10 ቀኑ ገደብ ሰልስትን አልፎ አርባ ሳይደርስ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ የእድሩ ገንዘብ ለቤተሰቡ ከተከፈለ በኋላ ሟቹ በስምንተኛው ቀን በእግሩ እየሄደ ቢመጣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ለሚቀጥለው ሞቱ ይያዝለታል? ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቶ የተቀጣው ጎረቤት ቅጣቱ ይነሣለት ይሆን? የእድሩ ጸሐፊ ይህን በመተዳደሪያ ደንቡ ሳያስገባ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ እስኪጸድቅ ድረስ ደግሞ አልማዙ ተቀማጭ ሆኖ ይቆያል። በምናባዊ ዓለም ውስጥ ሞትን ያረከሰውን ድግምት ከነክብሩ የሚመልስ ከዚህ የበለጠ ቢሮክራሲ ሊገኝ አይችልም።

ከቦታ ቦታ በቅጽበት የሚያዘዋውረውን የሰባተኛ ደረጃ ድግምት በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ድግምቱ አስማተኛውንና ፈቃደኛ የሆኑ እስከ 8 ፍጡራን በአንድ ጊዜ ያሻግራል፤ ግመልም ፍጡር ናት፣ ጭነቷም አብሯት ይሄዳል፣ ከዚህ በኋላ በጅቡቲ መንገድ ላይ የተዘረጋ ኬላ ምን ሊፈትሽ እንደሚቀር አንባቢው ይገምተው።

የአየር ሁኔታን የሚቀይረው የስምንተኛ ደረጃ ድግምት ግን ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ አስማተኛው ሜዳ ላይ ቆሞ 10 ደቂቃ ያህል ይደግማል፣ ከዚያም በዙሪያው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ያለውን ሰማይ እስከ ስምንት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ እንደፈለገ ያደርገዋል። በግንቦት ሙቀት ከዚራ ላይ የቆመ አስማተኛ ምን እንደሚመኝ ግልጽ ነው። ነገር ግን የከተማዋ ነዋሪ የሚያውቀውንና መጽሐፉ የማያውቀውን አንድ ነገር አጫዋቹ ማስታወስ ይኖርበታል፤ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም፣ ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ ቢሆንም፣ የሚሞላው በከተማዋ ላይ በጣለው ዝናብ ሳይሆን ከላይ ከተራራዎቹ በወረደው ውኃ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ የሄደው ጎርፍ እንዲሁ ነበርና በዚህ ላይ ቀልድ አይራዘምም። ለጨዋታው የሚጠቅመው ይህን ያህል ነው፤ አጫዋቹ ድግምቱን አይከለክልም፣ ኩፖን አይቀንስም፣ ወንዙ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ይጠይቃል፣ ያን ጊዜ አስማተኛው መጽሐፉን አጥፎ ጃንጥላ መፈለግ ይጀምራል።

ስለ ገደብ ከተነሣ ደግሞ የአገሬው አስማት ከአሜሪካው ቀድሞ ያሰበበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ደብተራዎች በብራና ላይ የሚጽፉት ጥቅል ክታብ በብዙ ቦታ የሚዘጋጀው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው በማሰብ ሲሆን፣ አንድ ቁራጭ ስለማይበቃ ብራናው እየተሰፋ ይቀጠላል፣ የባለቤቱም ስም በጸሎቱ መካከል እየገባ ይጻፋል። ይህ ማለት ክታቡን የሰረቀ ሰው የሌላ ሰው ስምና ቁመት ተሸክሞ ከመዞር በስተቀር ትርፍ የለውም ማለት ነው። ጨዋታው አንድ ሰው ከሦስት በላይ አስማታዊ ዕቃ ከራሱ ጋር እንዳያዋህድ የሚከለክለው እንዲሁ ገደብ ለማበጀት ነው፤ ሆኖም ሦስት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰው የለም፣ የደብተራው ደንብ ግን ምክንያቱ ከነሜትሩ ይታያል፣ ረጅም ሰው ብዙ ፍየል ያስወጣዋል። የሌላውን ድግምት በአየር ላይ እንዳለ የሚሽረው ድግምትም ቢሆን በጨዋታው ዓለም ትልቅ ግኝት ተደርጎ ሲወራ ይሰማል፤ ደብተራው ግን «መፍትሔ ሥራይ» የሚባል፣ ትርጉሙ የመተት መፍቻ የሆነ፣ ራሱን የቻለ የጸሎት ዓይነት ይዞ ሲጠብቅ ኖሯል።

ከሁሉ የጠለቀው ትምህርት ያለው ግን በሰንጠረዥ ላይ ይመስላል። ሰንጠረዥ ቀድሞ በኢትዮጵያ መኳንንት ቤት ይወደድ የነበረ፣ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቶ የጻፈለት፣ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ደንቡን በጥናት ያቀረቡት የቼዝ ዓይነት ነው። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመውን ደካማ አማካሪ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የምትጠርግ ንግሥት አድርገው ሲሾሙት፣ ኢትዮጵያውያን ግን «ፈርዝ» የሚሉትን አማካሪ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ከመራመድ አላሳለፉትም፤ ሹመት ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ ከቤተ መንግሥት ያዩት ሳይሆን አይቀርም። ጨዋታው የሚጀመረውም በ«ወረራ» ነው፣ ማለትም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያንቀሳቅሳሉ።

የሚያስደንቀው ግን አጨራረሱ ነው። ሠራዊቱ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ በሰንጠረዥ አይሞትም፤ አንድ ሹም ብቻ የቀረውም ቢሆን በሰባት እርምጃ ውስጥ ካልተያዘ ጨዋታው አቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ንጉሡን በኃይለኛው ጠጠር፣ በሌላው ዓለም «ሩክ» በሚባለው፣ ገድሎ ማሸነፍ ማሸነፍ ቢሆንም የሚያስመሰግን አልነበረም፤ ሙያ የሚባለው በደካሞቹ፣ በእግረኛና በፈርዝ፣ አጣብቆ መያዝ ነበር። እዚህ ላይ ቁጥርም የለም፣ አልማዝም የለም። ኃይለኛው ጠጠር ኃይሉ አልተቀነሰበትም፤ የያዘው ሰው ግን ሰው ምን ይለኛል ይላል። የአሜሪካው መጽሐፍ በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች ሊደነግገው የሞከረውን ነገር የአገሬው ሰው በይሉኝታ ጨርሶታል፤ በእርግጥ ይሉኝታ ሌላ ቦታ ያደረሰው ጉዳት ብዙ ነው፣ በጨዋታ ሰሌዳ ላይ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ጣልያኖች በበኩላቸው በዳማቸው ተራው ጠጠር የነገሠውን እንዳይበላ በደንብ ከልክለዋል፤ ይህ ደንብ በድሬዳዋ ጥላ ሥር በቆርኪ በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ቢታወጅ ቆርኪው በሙሉ መንገድ ላይ ይበተናል፣ ምክንያቱም በዚያ ከተማ ይሉኝታ ጎልቶ የሚታይ ሸቀጥ አይደለም። የድሬ ሰው ያልተዋጠለትን ነገር በሆዱ ይዞ አያድርም፤ «አቦ!» ይላል፣ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ልመናም፣ ተግሣጽም፣ ፍቅርም፣ ይግባኝም አለ፣ ኩፖንም አትጠይቅም።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው «ምኞት» በሚባለው ድግምት ላይ ነው። ምኞት ከዘጠነኛ ደረጃ ድግምቶች ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ አስማተኛው የፈለገውን በቃሉ ይናገራል፣ የተናገረውም ይሆናል። ታናናሾቹን ድግምቶች ለመተካት ብቻ ከተጠቀመበት ጉዳት የለውም፤ ከዚያ አልፎ የልቡን ከተመኘ ግን ጉልበቱ ለቀናት ወደ 3 ይወርዳል፣ የተራ ሰው ጉልበት 10 መሆኑን ልብ ይሏል፣ ዳግመኛ ምኞት የመመኘት ችሎታውንም ለዘለዓለም የሚያጣበት ዕድል 33 በመቶ ነው። ከዚህም ሌላ አጫዋቹ ምኞቱን በቃሉ ልክ እንዲተረጉም ተፈቅዶለታል፤ መጽሐፉ ራሱ በሰጠው ምሳሌ ጠላቱ እንዲሞትለት የተመኘ ሰው ጠላቱ በዕድሜ ወደ ሞተበት ወደ መጪው ዘመን ተወርውሮ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሥልጣን ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ አጫዋች መስጠት ለዝንጀሮ የማሳ ጥበቃ እንደ መስጠት ነው።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት አራት ወጣቶች ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል እንበል። የጨዋታው ምስሎች ውድ በመሆናቸው ተዋጊው የለስላሳ ቆርኪ ነው፣ አስማተኛው ሰማያዊ የውኃ ክዳን ነው፣ ዘንዶው ደግሞ የተደፋ ሲኒ ነው፤ ከሲኒው ሥር ያለው አተላ ደሙ ነው ብለው ተስማምተዋል። ተዋጊውን የያዘው ልጅ ከአንድ ሰዓት ጥበቃ በኋላ ተራው ሊደርሰው አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል፤ ያ አንድ ሰው ግን አስማተኛውን የያዘው ነው።

«ምኞት አለኝ» ይላል አስማተኛው፣ የሻሂ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ እያስቀመጠ።

«አቦ ተው፣ ዛሬ እንኳን አንድ ጊዜ ልምታው» ይላል ተዋጊው።

«ዘንዶው ከፊቴ ይጥፋ!»

አጫዋቹ ለአፍታ ያስባል፤ ከዚያም ሲኒውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ በጠረጴዛው ላይ ዞር አድርጎ፣ ከሰማያዊው ክዳን ጀርባ ድፍት ያደርገዋል።

«ከፊትህ ጠፍቷል።»

«አቦ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም!»

«አልክ፣ ጀመዓው ሰምቷል።»

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በመጽሐፉ የተጻፈ ነው፤ የአስማተኛው ጉልበት 3 ሆኗል፣ ሩብ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ መሄድ የማይችል ሰው ሆኗል፣ የድግምት መጽሐፉን እንኳ የሚይዝለት ይፈልጋል፣ ከጀርባው ደግሞ ሲኒ አለ። ሁሉም ፊቱን ወደ ተዋጊው ያዞራል። ተዋጊውም ባለ 20 ገጹን ዳይስ በሁለት መዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎበት፣ የአንድ ሰዓት ጥበቃውን ሁሉ ጨምሮበት ይወረውራል፤ ዳይሱ ብርጭቆ መትቶ፣ ከጠረጴዛው ዘልሎ፣ ከዛፉ ግርጌ አሸዋ ውስጥ ይገባል። አራቱም በስልክ መብራት ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ይቆዩና አንዱ ሥር አጠገብ ያገኘዋል፣ የላይኛው ገጹም 20 ይላል። ከጠረጴዛ የወደቀ ዳይስ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ሲሆን፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደንብ የሚባል ነገር እንቅፋት የሆነበት አስማተኛ ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዳይስ በወደቀበት ይቆጠራል የሚለው ደንብ ከጥንት የነበረ መሆኑን እየማለ ይከራከራል፤ ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው በጎዳናው ማለፍ ከጀመሩ በኋላም ገና እየማለ ነው።